ቁጥር የለመኑት አጎት

ሰው ከዘመዱ ምን የማይለምነው ነገር አለ! ድስት ይለመናል፣ መረብ ይለመናል፣ ሳይክል ይለመናል። የአሬቴታ ወንድም አንዴ ከቤተክርስቲያን ሲመለስ አዲስ ሸሚዙን መንገድ ላይ ተለምኖ፣ ደረቱን ገልጦ እየሳቀ ቤት ገብቷል። ቁጥር የለመነ ሰው ግን በታራዋ ደሴት ታይቶ አይታወቅም። የጀመሩት አጎት ታዋያ ናቸው፤ ማክሰኞ ጠዋት፣ ገና ፀሐይ በውቅያኖሱ በኩል ብቅ ከማለቷ።

አሬቴታ መደቡ ጫፍ ላይ እግሯን አንጠልጥላ ስኳር የበዛበት ሻይ በደረቅ ብስኩት ትጠጣለች። እናቷ ከኋላዋ ተቀምጣ የልጅ ልጇን፣ የአሬቴታን ትንሽ ልጅ፣ ፀጉር ታበጥራለች። ቤታቸው እንደ ሰፈሩ ቤት ሁሉ ግድግዳ የለውም፤ ምሰሶ፣ የቅጠል ጣራ፣ ከመሬት ክንድ ያህል ከፍ ያለ የእንጨት መደብ፣ በቃ። ጎረቤት ምን እንደሚበላ ብቻ ሳይሆን ስንት ጉርሻ እንደቀረው ይታያል። አጎት ታዋያ የእናቷ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ የሚኖሩት ከደሴቷ ማዶ ጫፍ፣ ታቦንቴባ የምትባል መንደር፣ በአውቶብስ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። በዚህ ሰዓት እዚህ ከተገኙ ከወፍ በፊት ተነስተዋል ማለት ነው። ግን ምንም አልቸኮሉም። ሻይ ተቀበሉ። የሩዝ ከረጢት ሠላሳ አራት ዶላር ገባ አሉ። የአውቶብሱ ሹፌር በዘፈን ጆሮዬን ሊበጥሰው ነበር አሉ። ዝናቡ እምቢ አለ አሉ። እናቷ «አምስት ወር» አለች። «አምስት ወር ከአስር ቀን» ብለው አረሟት።  ሻያቸውን እስከ አተላው ጠጥተው ኩባያውን በቀስታ አስቀመጡና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ቡቡሲ ይዤ ነው የመጣሁት» አሉ።

የእናቷ ማበጠሪያ ልጅቷ ፀጉር ውስጥ ቆመ። ቡቡሲ እንግዲህ ዝም ብሎ ልመና አይደለም። ዘመድ አይንሽን እያየ ያንን ቃል ካወጣ የጠየቀው ነገር ከአፉ እንደወጣ የሱ ሆኗል። እምቢ ብትይ ፖሊስ አይመጣብሽም፤ ግን በማግስቱ ገበያ ላይ ዓሣ ሻጯ ሁሉ ታውቅሻለች። እምቢ የተባለውም ሰው አይተርፍም፤ ዘመድ አልባ ተብሎ ነው የሚታየው። ሁለቱም አብረው ያፍራሉ። ስለዚህ ማንም እምቢ አይልም። ዛሬ ትሰጫለሽ፣ ነገ ትለምኛለሽ፣ እንዲህ እንዲህ እየተባለ ሰው ሳይራብ ይኖራል።

«ይጠይቁ አጎቴ» አለች አሬቴታ። የእጅ ሰዓቷን የሚፈልጉት መስሏት ክንዷን አየት አድርጋለች።

«ዛሬ አይደለም እንዴ እኛ ጋ የምትለኪው? ሰባተኛውን ጉድጓድ?»

«አዎ፣ ዛሬ ነው።»

«ከሁለት ሺህ አምስት መቶ የሚበልጥ ቁጥር ስጪኝ።»

ጎረቤት ሰሃን ስታጥብ የነበረችው ሴትዮ ማጠቧን አቆመች።

በዚህች ደሴት ወንዝ የለ፣ ምንጭ የለ። ያለው ነገር፣ ዝናብ አሸዋው ውስጥ ሰርጎ፣ ከስር ባለው የባህር ውሃ ላይ እንደ ዘይት ተንሳፎ የሚቀመጥ ስስ ጣፋጭ ውሃ ነው። ከላይ ብዙ ከቀዱት ከታች ጨዉ ይወጣል። የአሬቴታ ሥራ ይሄው ነው፤ በየወሩ መለኪያዋን በገመድ እየሰደደች የየጉድጓዱን ጨው ታነባለች፣ ከዚያ ትልቁ መዝገብ ላይ በዝናብ ምን ገባ፣ በፓምፕ ምን ወጣ፣ ምን ቀረ ብላ ታወራርዳለች። ቁጥሩ ከሁለት ሺህ አምስት መቶ ካለፈ የዚያ ጉድጓድ ፓምፕ ዝናብ እስኪመጣ ይዘጋል። ይሄን ሕግ ሕፃን ያውቀዋል። አጎት ታዋያ የፈለጉትም መዘጋቱን ነው። ከፓምፑ ሃምሳ እርምጃ ላይ ባባይ የሚተክሉበት ጉድጓድ አላቸው፤ ባባይ ማለት ጎደሬ ነው፣ ግን ግዙፍ፣ አንዱ የሕፃን ልጅ ክብደት ያለው። ጉድጓዱን የአያታቸው አያት በዛጎል ነው የቆፈሩት። የዘንድሮው ለልጃቸው ሠርግ የተተከለ ነበር፤ አራት ዓመት ጠብቀውታል። አሁን ቅጠሉ ጫፍ ጫፉ ተቃጥሏል። ፓምፑ ጣፋጩን ውሃ እየጠጣባቸው ጨው እየሰደደባቸው ነው።

«ባባዩ ሦስት ወር ብቻ ትንፋሽ ይግዛ» አሉ። «እኔ ሳይክል አልጠየቅሁሽ። ቁጥር እኮ ነው። ቁጥር ቢሰጡት አያልቅም።»

አሬቴታ ልትስቅ ምንም አልቀራትም፤ ግን የእናቷ አይን ጀርባዋ ላይ እንዳለ ታውቋታል። ሰባተኛው ፓምፕ የሚያጠጣው ደግሞ ሆስፒታሉንና ይሄንኑ የራሷን ሰፈር ነው። አሁን ቧንቧው በሁለት ቀን አንዴ ሁለት ሰዓት ይመጣል። ሰባተኛው ከተዘጋ በአራት ቀን አንዴ ነው። ባለፈው ወር ልጇ ከአሳማው በረት አጠገብ ካለው የጓሮ ጉድጓድ ጠጥታ ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኝታለች፤ አሁንም ጉንጯ አልሞላም። በዚያ ላይ ያለፈው ወር ቁጥር ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አስር ነበር። እሺም እምቢም አላለችም። ከማንቆርቆሪያው የቀረውን ሻይ አጎቷ ኩባያ ላይ ቀዳችላቸው። እሳቸውም ዝምታዋን እንደ እሺታ ቆጥረው አመሰገኗትና ተነሱ፤ አሬቴታም እስከ አውቶብሱ ሸኘቻቸው። መንገድ ላይ የተነጋገሩት ስለ ሙሽራዋ ቤተሰብ ብቻ ነው። «ከውጭ ደሴት ናቸው፣ ሲበሉ ታያቸዋለሽ!» ብለው ሳቁ።

እሷ ከቢሮ መለኪያውን ወስዳ ታቦንቴባ ስትደርስ ረፋድ ሆኗል። ወሬው ቀድሟታል። የፓምፑ ጠባቂ ኮሩ ጥላ ስር በጀርባው ተጋድሞ በስልኩ ካርታ ይጫወታል።

«መጣሽ ባለቁጥር!» አላት ሳይነሳ። «ለኔም አንድ ስጪኝ እስቲ፣ ደመወዜ መጨረሻ ላይ የሚገባ ዜሮ።»

«ተነስና ክዳኑን እንኳን ክፈትልኝ።»

«ሽማግሌዎች ባሉበት እጄን አላስገባም። ቀለል ያለ ነው፣ አንቺው ክፈቺው።»

ብቻዋን ከፈተችው። ሁሌም ብቻዋን ነው የምትከፍተው። መለኪያዋን በንጹህ ውሃ አጠበች፣ በጠርሙሱ የመፈተሻ ውሃ ውስጥ ነክራ ልክ መሆኑን አየች፣ ገመዱን ወደ ቧንቧው ሰደደችው። ቁጥሩ እስኪረጋ ጠበቀች። እዚያው ቁጭ ብላ ምን እንደምትጽፍ አላወቀችም ነበር፤ እውነቱን ለመናገር አውቶብስ ላይም ስታስብ ቆይታ አላወቀችም። ከዚያ ቁጥሩ ረጋ። ሁለት ሺህ ሰባት መቶ አርባ።

አውጥታ አጠበችው። እንደገና። ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ሠላሳ ስምንት። እንደገና። ሁለት ሺህ ሰባት መቶ አርባ። መጀመሪያ የመጣላት እፎይታ ነው። እግዜር ራሱ ለአጎቷ ሰጣቸው፣ እሷ መዋሸት አያስፈልጋትም። ቀጥሎ የመጣው ግን ቀዝቃዛ ነገር ነው። አምስት ወር ዝናብ የለም፣ ጨዉ እውነትም ወጥቷል፣ አጎቷ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፤ የልጇ ውሃም በገዛ እጇ ሊዘጋ ነው። ወረቀቱ ላይ ጽፋ ፈርማ ለኮሩ ሰጠችው። ኮሩ ቁጥሩን አየ፣ እሷን አየ፣ ፉጨት አሰማ።

«ዋ! የዘመድ ፍቅር!» አለ።

«ያነበብኩት ነው ኮሩ።»

«እኔ ምን አልኩ?» ብሎ ገብቶ ማጥፊያውን ጫነው። ለዓመታት ሲያጉረመርም የኖረው ሞተር ጸጥ ሲል፣ ውቅያኖሱ መንደሩ ውስጥ የገባ እስኪመስል ድምፁ ቀረበ።

ከዚያ ወደ ወደብ ሮጠች። መለኪያው ባገሩ ያለው እሱ አንድ ብቻ ነው፤ በሰባት ሰዓት መርከብ ወደ ውጭ ደሴቶቹ ይሄዳል፣ የሚመለሰው ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። ለመርከቡ ሰው አስረክባ፣ አስፈርማ፣ ከወደቡ ዳቦ ገዝታ እየበላች ቢሮ ገባች። ቢሮው አንድ ሰፊ ክፍል ነው፤ ስድስት ጠረጴዛ፣ ሁለት ማራገቢያ፣ አንዱ የማይሠራ። የክፍሉ ሃላፊ ቶሮሞን ከታላቅ ወንድሟ ጋር የተማረ፣ ሲቆጣ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ሰው ነው። ቁጥሩን አነበበ፣ ተነፈሰ፣ «እንግዲህ ምን ይደረጋል» ብሎ ትልቁን መዝገብ ገፋላት። እሷም ሁለት ሺህ ሰባት መቶ አርባ ብላ በቀለም ጻፈች። በዚያው አልቆ ቢሆን ኖሮ!

ስምንት ሰዓት ሲል በሩ ላይ አጎት ታዋያ ቆሙ። ላብ አጥምቋቸዋል፤ ትከሻቸው ላይ በቅጠል የተጠቀለለ ትልቅ ባባይ ተሸክመዋል፣ አፈሩ ገና እርጥብ ነው። የሞተሩን መቆም ሰምተው፣ ከጉድጓዳቸው ትልቁን ነቅለው፣ አውቶብስ ተሳፍረው መምጣታቸው ነው። ባባዩን ቶሮሞን ጠረጴዛ ላይ፣ መዝገቡ አጠገብ ዱብ አደረጉት።

«የእህቴን ልጅ ላመሰግን ነው» አሉ ለክፍሉ ሁሉ። «ጠዋት ለመንኳት፣ ረፋድ ላይ ሰጠችኝ። ሰው የወለደ እንዲህ ነው!»

 አራቱ ጸሐፊዎች አንገታቸውን ወረቀታቸው ላይ ደፉ። ቶሮሞን ባባዩን አየ፤ መዝገቡን አየ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ያለፈው ወር ስንት ነበር አሬቴታ?»

«ቶሮሞን፣ ያነበብኩትን ነው የጻፍኩት። ሦስቴ ነው የለካሁት።»

«ስንት ነበር?»

«ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አስር።»

«እሱን እንጽፋለን። ኮሩም ፓምፑን ይክፈት።»

«ከከፈተው እኮ ጉድጓዱ ሄደ ማለት ነው! የሦስተኛውን ጉድጓድ አላየህም? ሁለት ዓመት ዘነበበት፣ ተመለሰ?»

«አይቻለሁ።» እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ያንከባልላል። «እኔ አምንሻለሁ እንበል። ነገ የሆስፒታሉ ሰዎች መጥተው ውሃችን ለምን ተዘጋ ሲሉኝ ምን ልበል? ለአጎቷ ሰጠችው ልበል? ለኪልኝ፣ ከፊቴ ለኪልኝና ልመን።»

«መለኪያው መርከብ ላይ ነው።»

«አየሽ?»

አየች። ቀምሶ የሚለየው ምላስ የለም፤ በሁለት ሺህ ሦስት መቶና በሁለት ሺህ ሰባት መቶ መሃል ሰው የሚያውቀው ጣዕም የለም፣ ጨዉ አፍ ላይ ሲታወቅ ደግሞ ጊዜው አልፏል። ቁጥሩ የቆመው በእሷ ቃል ላይ ብቻ ነው፤ ቃሏን ደግሞ አጎቷ አመስግነው ገደሉት። አጎት ታዋያ ምን እንዳበላሹ ገና አልገባቸውም፤ አንዴ ቶሮሞንን አንዴ እሷን ያያሉ፣ አንገታቸው ላይ ላቡ ይወርዳል። ቶሮሞን መዝገቡን ወደ ራሱ አዞረና ሊሰርዘው ቁጥሯ ላይ ማስመሪያ አስቀመጠ።

«አልሰጠኋቸውም» አለች አሬቴታ።

«ምን?»

«ለምነውኛል፤ እውነት ነው። እስከ አውቶብሱ ስሸኛቸው ግን እምቢ ብያቸዋለሁ።» ድምፅዋ ለራሷም የሰው ድምፅ መሰላት። «እዚያው መንገዱ ላይ። አጎቴ፣ አልሰጥም፣ አልኳቸው። ቁጥሩ የወጣው ከጉድጓዱ ነው።»

እምቢ የምትለው ቃል ከአፏ ስትወጣ ከጸሐፊዎቹ አንዷ አፏን በእጇ ያዘች። እንዲህ ያለ ነገር ሰው ቢያደርገው እንኳን አያወራውም። ውሸት ነው፤ ያን ቀን ሙሉ የዋሸችው እሱን ብቻ ነው። ውሸት መሆኑን የሚያውቁት ደግሞ አንድ ሰው ናቸው፤ እሳቸውም ፊቷ ቆመዋል። አጎት ታዋያ አንድ ቃል ይበቃቸዋል። «ዋሸች፣ እምቢ አላለችኝም» ቢሉ ስማቸው ይተርፋል፣ ፓምፑ ይከፈታል፣ ባባያቸው ይሞታል። ዝም ካሉ ባባያቸው ይድናል፤ እሳቸው ግን ከዛሬ ጀምሮ የእህታቸው ልጅ እምቢ ያለቻቸው፣ እምቢ ተብለውም እንዳልተባሉ ሆነው ምስጋና ይዘው የመጡ ሽማግሌ ናቸው። አይኗን አፍጥጠው አዩት። እሷም አልሰበረችም።  መጨረሻ ላይ እጃቸውን ዘረጉና ባባዩን ከጠረጴዛው ላይ አነሱት፤ አፈሩን ከእንጨቱ ላይ በመዳፋቸው ጠረጉ፣ ጥርግ አድርገው፤ ትከሻቸው ላይ አድርገው ወጡ። ያመጡትን ስጦታ መልሰው ሲወስዱ የታዩ ሰው በዚያ ደሴት እሳቸው የመጀመሪያው ሳይሆኑ አይቀርም።

ቶሮሞን ማስመሪያውን አነሳው። ስልክ ደውሎ ኮሩን «እንደተዘጋ ይቆይ» አለው። ከአሬቴታ ጎን የምትቀመጠው ልጅ ሁሌ የምታካፍላትን ብስኩት ብቻዋን በላችው።

ቤት ስትደርስ ፀሐይ ደሴቷ ያቀፈችው ባህር ላይ ወርዳለች። እናቷ መደቡ ላይ ተቀምጣለች፤ ሩዙ ተቀቅሏል፣ አልተነካም። ቤተክርስቲያን የምትሄድበት ቀሚሷን ለብሳለች። አሬቴታ ልጇን ሳመች፣ ተቀመጠች። ጎረቤት ራዲዮ ነበር፤ ቀስ ብሎ ዝቅ አለ።

«እውነት ነው?» አለች እናቷ።

«ምኑ?»

«እሱን ተይው። እውነት ነው?»

«አዎ።»

«እኔ እዚህ ነበርኩ እኮ። አፍሽን አልከፈትሽም።»

«አውቶብሱ ጋ ነው እናቴ።»

እናቷ የልጅቷን ፀጉር ዳሰሰች። «አባታችን የሞተ ጊዜ እኔ ስድስት ዓመቴ ነው» አለች። «የበላሁትን ሁሉ ወንድሜ ነው ከባህር ያወጣልኝ።»  ከዚያ ወደ አሬቴታ ተጠጋችና በጣም ቀስ ብላ፣ እንደ ሕፃን በጆሮዋ አለቻት፦ «እኔም ቡቡሲ አለኝ። እምቢ አላልኩትም በይኝ። ለኔ ብቻ። ለማንም አልነግርም።»

አሬቴታ ሩዙን አየችው። እናቷ ነገሩን ይዛ ማደር እንደማትችል ታውቃለች፤ ወንድሟ ለቀናት አንገቱን ደፍቶ ሲቀመጥ አይታ ዝም የምትል ሴት አይደለችም። ለወንድሟ ሚስት ትነግራለች፣ እሷ ለእህቷ፣ ሐሙስ ዕለት ቶሮሞን ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል፣ ዓርብ ሞተሩ ያጉረመርማል።

«አልችልም እናቴ» አለች።

«ለምኜሽ እኮ ነው።»

«ሰምቻለሁ። እምቢ።»

እናቷ አልጮኸችም። የተጠቀለለች ምንጣፏንና ትንሿን ቦርሳዋን አነሳች፤ አስቀድማ አዘጋጅታው ኖሯል። ወደ ታቦንቴባ የሚሄደው የመጨረሻው አውቶብስ ዘፈኑን እያስጮኸ መንገዱ ላይ ብቅ ሲል ከመደቡ ወርዳ ጫማዋን አደረገች። ጥቂት ሄዳ ቆመች፣ ሳትዞር።

«የልጅቷን ውሃ አፍልቼዋለሁ፤ ትልቁ ድስት ውስጥ ነው» አለች። «እስከ ቅዳሜ አብቃቂው።»